በአርዲቦ ዳር ድንኳን የተከልን ዕለት

ከወሎ ከተመለስኩ ሳምንት ሆነኝ፤ እግሬ ግን ገና አልተመለሰም። ግራው ሐይቅ ከተማ፣ ቀኙ አርዲቦ አፋፍ ላይ ቀርቶ፣ አዳማ ቤቴ ሶፋ ላይ የተጋደመው ወሬው ብቻ ነው። እናንተ ወደዚያ የምትሄዱ ስለማይመስለኝ፣ እኔም ዳግመኛ በእግሬ የምሄድ ስለማይመስለኝ፣ የሆነውን ከመጀመሪያው ላጫውታችሁ። እንደማጋንን የሚያውቁኝ ያውቃሉ። የዚህን ጉዞ ነገር ግን የቱንም ያህል ባጋንነው ከሆነው ላይ መድረስ አቅቶኛል።

ነገሩን የጠነሰሰው የሚስቴ ወንድም አስራት ነው። የአምባሰል ሰው ነው፤ ውጫሌ ተወልዶ አዳማ ፊዚክስ ያስተምራል። ቀልድ አያውቅም። ጥርሱን ያየሁት አንድ ጊዜ ነው፤ እሱም ሐኪሙ «ክፈት» ብሎት። ይህ ሰው አንድ እሁድ ምሳ ላይ፣

«ጋሼ፣ አርዲቦን ታውቀዋለህ?» አለኝ።

«የምን መድኃኒት ነው?»

«ሐይቅ ነው። ከሐይቅ ከተማ ወደ ላይ፣ ተራራው ውስጥ። ሆቴል የለ፣ ሙዚቃ የለ። በእግር ወጥተን፣ ዳሩ ላይ ድንኳን ተክለን፣ አድረን እንመለሳለን።»

«ምን ልናደርግ?»

«ምንም።»

ክው አልኩ። በእኛ አዳማ ሰው ውሃ ዳር የሚሄደው ለምክንያት ነው። ሶደሬ ሄደህ ትዋኛለህ፣ ትበላለህ፣ የማታውቀው ሰው ሠርግ ውስጥ ገብተህ ፎቶ ትነሳለህ። ምንም ላለማድረግ ብሎ ተራራ የሚወጣ ሰው ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። እምቢ እንዳልል ደግሞ ሚስቴ ቀድማኝ «ይሂድ! ሆዱ ይጉደልለት!» አለች።

ዝግጅቱ ከጦር ሠራዊት ዝግጅት አይተናነስም። አስራት የምግብ ጠረጴዛችንን ወርሮ ሰርዲን፣ ፓስታ፣ ክብሪት፣ ገመድና በብስክሌት ፓምፕ የሚነፋ የአየር ፍራሽ ደረደረበት። የጎደለው ድንኳን ብቻ ነበር። ዘመናዊ የሚባለው ድንኳን አዳማ ውስጥ ተፈልጎ ጠፋ። ስለዚህ አስራት ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ሄዶ የሰፈራችንን ዕድር ትንሿን ድንኳን ለመነ! አብሬው ነበርኩ። የዕድሩ ዳኛ ገና ሲያዩን ከመቀመጫቸው ተነሱ።

«ምነው ልጆቼ፣ ማን ሞተ?»

«ማንም፣ አባባ።»

«ታዲያ ድንኳኑ ለምንድን ነው?»

«ልንተኛባት ነው።»

ሰውዬው ለረጅም ጊዜ አዩን። በመጨረሻ ሰጡን፤ ሲሰጡን ግን እንደ መሰናበት አድርገው ትከሻችንን ሳሙን። ድንኳኗ አረንጓዴ ሸራ ናት። ጎኗ ላይ በነጭ ቀለም «መረዳጃ ዕድር» የሚል፣ ከጨረቃ ላይ የሚነበብ ጽሑፍ አለባት። እኔ በተሸከምኳት ጊዜ ክብደቷ በዕድሜዋ ያስተናገደችውን ሟች ሁሉ ያካተተ ነበር።

የመጀመሪያው ቀን በአውቶቡስ አለቀ። ዋዜማውን አዲስ አበባ አድረን ጎህ ሳይቀድ ወጣን። የደብረ ሲና ዋሻ ውስጥ ስንገባ አጠገቤ የነበሩት እናት አማተቡ፤ ከኋላ ያለው ሰውዬ «ቢስሚላህ» አለ፤ እኔ ለጥንቃቄ ሁለቱንም አደረግሁ። ከዋሻው ስንወጣ ዓይኔ እያየ መሬት አለቀ! አገሩ ሁሉ ወደ ታች ወድቋል። በእኛ አዳማ መንገድ ማለት ተኝቶ የሚጠብቅህ ነገር ነው፤ እዚህ ግን መንገዱ ቆሟል። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሐረጎን አቀበት ስንወጣማ፣ አውቶቡሱ ከመጠማዘዙ ብዛት የራሱን የኋላ ታርጋ ሲያነብ አይቼዋለሁ።

ደሴ ብርዱ ራሱ ወጥቶ ሻንጣዬን ተቀበለኝ። ያደርንበት ፔንሲዮን ባለቤት ከአዳማ መሆናችንን ስትሰማ «ውይ የበረሃ ልጆች!» ብላ ከራሷ አልጋ ብርድ ልብስ ገፍፋ አለበሰችን። በነጋታው ተራራ ላይ ድንኳን ውስጥ እንደምናድር ስነግራት እጇን አፏ ላይ ጫነች። ቀጥላም «አብሽር» አለችኝ። በወሎ «አይዞህ፣ ደስ ይበልህ» ማለት ነው። እሷ አፍ ውስጥ ግን ነፍስ ይማር ይመስል ነበር።

በሁለተኛው ቀን በሚኒባስ ሐይቅ ከተማ ገባን። ደግሞ ሌላ ድንጋጤ! ከከተማው ሥር ሰማይ የሚያህል ውሃ ተኝቷል፤ ሰዉ ግን ጀርባውን ሰጥቶት ስለ በግ ያወራል። እንዲህ ያለ ውሃ አዳማ ቢኖር ኖሮ ዓሣዎቹ እንኳ መግቢያ ይጠየቁ ነበር።

«በል እንግዲህ» አልኩት አስራትን፣ «ሐይቅ ያልከው ይኸው። ድንኳኗን እንትከላት።»

«ይሄ አይደለም። የእኛ ላይ ነው ያለው።»

«ይሄኛውስ ውሃ ምን ጎድሎት ነው?»

አስራት ሻንጣውን አንስቶ መንገዱን ቀጠለ። ከውሃ ዳር ተነስቶ ውሃ ፍለጋ ተራራ ከሚወጣ ሰው ጋር መዋሌን ያን ጊዜ በሚገባ ተረዳሁ።

ያረፍነው እማማ ዘይነባ ቤት ነው። ባላቸውና የአስራት አባት በሕይወት ሳሉ ውጫሌ ገበያ እህል አብረው ይነግዱ ነበር። አንዱ ለፋሲካ፣ አንዱ ለዒድ የሚጠራሩ፣ በሬ ሲገዙ እንኳ የሚማከሩ ወዳጆች። ስለዚህ እማማ አስራትን «ልጄ» እንጂ በስሙ አይጠሩትም። ምሳ ዓሣ ጥብስ ቀረበ፤ ራሱ ሳህኑ ላይ፣ ጭራው ጉልበቴ ላይ የሆነ ዓሣ! እሾሁን ፈርቼ በጣቴ ስነካካው፣

«ብላ እንጂ!» አሉኝ። «ምነው እንደ ድመት ታሸተዋለህ? አዳማ ዓሣ የለም እንዴ?»

«አለ እማማ፤ ግን ከሞተ በኋላ ነው የሚቀርበው። ይሄ ገና እያየኝ ነው።»

ከት ብለው ሳቁ። ወደ አርዲቦ መሄዳችንን አስራት ሲነግራቸው ግን ሳቁ ጠፋ። እጃቸውን ታጥበው ተቀመጡና ነገሩን አወጡት።

ሁለት ወንዶች ልጆች አሏቸው፤ ታላቁ ሰይድ፣ ታናሹ ይማም። ሁለቱም አርዲቦ ዳር ከአባታቸው በወረሱት መሬት ላይ ጎን ለጎን ያርሳሉ፣ በታንኳም ዓሣ ያጠምዳሉ። አንድ ዓመት ሐይቁ ሸሸና በሁለቱ ማሳ መካከል ቁራሽ መሬት ትቶ ሄደ። ውሃ ሸሽ ይሉታል። «የኔ ነው፣ የኔ ነው» ተባባሉ። ሽማግሌ ገባ፣ ሸህ ገባ፤ አልሆነም። ከዚያ ወዲህ አይነጋገሩም። ለዒድ እንኳ አንዱ ጧት፣ አንዱ ከሰዓት ነው ወደ እናቱ የሚመጣው።

«እኔ ደም ግፊት አለብኝ» አሉ እማማ። «ሐኪሙ አትደንግጪ ይለኛል። ምን ያስደነግጠኛል? የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። ብሞት እንዴት ሊያደርጉኝ ነው? አንዱ ጧት፣ አንዱ ከሰዓት ሊቀብሩኝ ነው?»

አስራት አቀረቀረ። እሳቸው ቀጠሉ፦

«ሰላምታ አድርሱልኝ። ለየብቻ ግን አይደለም። ለየብቻማ ስንቴ ልኬያለሁ። አንድ ላይ ቆመው ካገኛችኋቸው ንገሯቸው፤ ካላገኛችኋቸው ሰላምታዬን መልሳችሁ አምጡልኝ።»

«እሺ እናቴ» አለ አስራት፣ ፍርድ ቤት እንደሚምል ሰው።

«እኔማ በገመድ አስሬ አቆማቸዋለሁ» አልኩ።

«አብሽር» አሉኝ እንባቸውን እየጠረጉ፣ «አንተስ ታደርገዋለህ።»

በሦስተኛው ቀን ጧት አቀበቱን ጀመርነው። አቀበት ሲባል ደረጃ የሚመስላችሁ የቆላ ሰዎች፣ ተሳስታችኋል። የወሎ አቀበት ግድግዳ ነው፤ ልዩነቱ በግድግዳው ላይ ሰው ያርሳል! አንድ ገበሬ ከራሴ በላይ በሬዎቹን ይነዳል። በሬው ቢያንሸራትተው በቀጥታ ጀርባዬ ላይ፣ ከዕድሩ ድንኳን ጎን ነው የሚያርፈው። ፀሐዩ ሲጠና ጋቢዬን በራሴ ላይ ጣልኩ። ቀኝ እግሬ ተረከዙ ላይ ውሃ ቋጠረ፤ ጥቂት ቆይቶ ግራው በቅናት እሱም ቋጠረ።

ከሁሉ የከበደን ግን ሰው አላሳልፍ ማለቱ ነው። በየደጁ «ግቡ!» ነው። አንድ አባወራ እርጎ በቅል አጠጥተው ወዴት እንደምንሄድ ጠየቁን።

«አርዲቦ ዳር ልናድር።»

«ማን ዘንድ?»

«ማንም ዘንድ አይደለም። ድንኳን ይዘናል።»

ሰውዬው ፊታቸው ተለወጠ። «ምነው፣ ያስቀየማችሁ ሰው አለ?»

«የለም አባቴ።»

«ታዲያ አገሩ ሰው የለውም? እንግዳ ሜዳ ላይ ይደር? ኧረ ነውር ነው፣ ወላሂ!» ብለው የአስራትን ሻንጣ ይዘው አልለቅም አሉ። አዳማ ሻንጣህን የሚይዝብህ ሰው ይዞት ይሮጣል፤ እዚህ ይዞህ ቤቱ ሊያስገባህ ነው። ስንመለስ እንደምናድር ምለን ተገዝተን አመለጥን።

አርዲቦ ከሰዓት በኋላ ድንገት ከፊታችን ተከፈተ። ተራሮቹ ክብ ሠርተው ቆመው ውሃውን ከሰው ደብቀውታል። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። አስራት እንኳ ሊስቅ ምንም አልቀረው። ከሁሉ ያስገረመኝ ግን ማረፊያችን ነው። ዳርና ዳሩ ሁሉ ታርሶ፣ ተዘርቶ፣ ከሐይቁ አጠገብ በሁለት ማሳዎች መካከል አንዲት ሜዳ ብቻ ሳትነካ ቀርታለች። ሣሯ ለምለም፣ መሬቷ ጠፍጣፋ። ጥበቷ ግን አህያ ብትንከባለልባት ጆሮዋ ሰው ማሳ የሚገባ።

«የምን ሰነፍ ነው እንዲህ ያለ መሬት ጦም የሚያሳድረው?» አልኩና ሸክሜን ጣልኩ። እናንተ የማን መሬት እንደሆነች ገብቷችኋል። እኛ ግን ደክሞናል፤ አልገባንም።

ድንኳኗን ተከልናት። አስራት ፍራሹን ይነፋ ጀመር፤ ፓምፑን ይዞ ጎንበስ፣ ቀና፣ ጎንበስ፣ ቀና። እኔ ድንኳኗ ደጃፍ ተቀምጬ ጫማዬን አወለቅሁ። ተረከዜን ሳየው ራሴን መያዝ አልቻልኩም። ጋቢዬን እንደተከናነብኩ እየተወዛወዝኩ፣ «ወይኔ! ወይኔ! ምነው በቀረብኝ! ምነው ባልመጣሁ!» እያልኩ ጮህኩ። ድምፄ ተራራ ለተራራ እየዞረ ደጋግሞ ነገረኝ።

ወዲያው ከወዲያኛው ኮረብታ አንዲት ሴት «ኡኡ!» አለች። ከወዲህኛው ሌላ መለሰች። ቀና ብል ሰዉ ከየቤቱ እየወጣ ቁልቁል ይጎርፋል፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አገልድመዋል።

«ጋሼ፣ ሰው ሞቶባቸዋል መሰለኝ» አለ አስራት ፓምፑን ይዞ።

አንዲት ትልቅ ሴት ቀድመው ደረሱና አንገቴ ላይ ተጠመጠሙ፤ ስቅስቅ ብለው ያለቅሳሉ። አዳማም ይሁን ወሎ፣ ሰው አንገትህ ላይ ሲያለቅስ ዝም አይባልም። እንባዬም ከተረከዜ የተነሳ ተዘጋጅቶ ነበር። አብሬ አለቀስኩ።

«ማንኛው ነው? ኧረ ማንኛው ነው?» አሉኝ።

የለቅሶ ዜማ መስሎኝ፣ «ሁሉም ነው እናቴ! ማን ይቀራል ብለው ነው?» አልኩ።

«ሁለቱም ናቸው!» ብለው ወደ ሕዝቡ ዞረው ጮኹ። ሕዝቡ ተርገፈገፈ። አንድ ጎረምሳ የድንኳኗን ጽሑፍ አንብቦ «ዕድር ይላል!» አለ። ሌላው ስልኩን አውጥቶ እያለቀሰ ወደ ሐይቅ ከተማ ይደውላል።

ምን እንደተፈጠረ የተረዳሁት ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ከግራ ማሳ፣ አንዱ ከቀኝ ማሳ እየሮጡ ሲመጡ ነው። ሕዝቡ ገለል አለላቸው። ከድንኳኗ ፊት ሲገናኙ ሁለቱም እንደ ግንድ ተገተሩ። መካከላቸው እኔ፣ አስራትና ግማሽ የተነፋ ፍራሽ አለን።

«አለህ?» አለ ጢማሙ ትልቁ።

«አለሁ… አንተስ?»

«እኔማ አንተ ነህ ብዬ ነው። ታንኳህን ዳር ላይ አጣሁት…»

«ልጠግነው ወስጄው ነው። እኔም አንተ ነህ ብዬ…»

ትንሹ ፍራሹ ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። የአስራት ልፋት ሁሉ ትስስ ብሎ ወጣ።

ሰይድና ይማም! በዚያ አገር ሐይቅ ሰው ሲወስድ፣ ሬሳው እስኪገኝ ዳሩ ላይ ድንኳን ተተክሎ ይለቀሳል። እኛ ደግሞ የዕድር ድንኳን ያውም በሁለቱ ወንድማማቾች መሬት ላይ ተክለን፣ አንዳችን ጋቢ ተከናንቦ ይጮኻል፣ አንዳችን በፓምፑ ጎንበስ ቀና ሲል ከሩቅ ደረቱን የሚመታ ይመስላል።

ሕዝቡን ገፍተው አንዲት አሮጊት መጡ። ዱበርቲ ይሏቸዋል፤ ዱአ የሚያደርጉ፣ ቃላቸው የማይታለፍ እናት ናቸው።

«ታዲያ» አሉ በከዘራቸው እያመለከቱኝ፣ «የሞተው ማን ነው?»

«ማንም፣ እናቴ።»

በሕይወቴ ሰው ባለመሞቱ ያፈርኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ድንኳኑስ?»

«ልንተኛበት።»

«ከዚህ ሁሉ ቤት መሃል?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ስመኝ፣ አስራት ድንገት ሸሚዙን አስተካክሎ ተነሳ። ቃል ቃል ነው። «ሁለታችሁም አንድ ላይ ቆማችኋል» አለ፤ «እናታችሁ ሰላም ብለዋችኋል።»

ይህን ሲል የሰይድ ስልክ ጮኸ። እማማ ናቸው። ጩኸታቸው ለሁላችንም ይሰማል።

«እማ፣ እኔ ነኝ፣ ሰይድ ነኝ፤ አለሁ!»

«ይማምስ?»

«ደህና ነው።»

አይ አለመታደል! በአገራችን «ደህና ነው» ማለት ምን እንደሆነ ታውቁታላችሁ። መርዶ በስልክ አይነገርም። የሞተ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ደህና ነው፤ ቀጥሎ ትንሽ አሞታል፤ ለቅሶው በኋላ ነው የሚመጣው።

«አገናኘኝ!» አሉ እማማ።

ሰይድ ስልኩን ይዞ ወንድሙን አየው። ስንት ዓመት እጅ ለእጅ ያልተቀባበሉ ሰዎች ናቸው፤ እጁን ለመዘርጋት ትንሽ ዘገየ። ያቺ መዘግየት እናቱን ጨረሰቻቸው። ይማም ስልኩን ነጥቆ «እማ!» ሲል ደግሞ ከሩጫና ከለቅሶ ብዛት ድምፁ ተዘግቷል።

«ይሄ ልጄ አይደለም! ሌላ ሰው እያገናኛችሁ አታታሉኝ! ይማሜን በላው፣ ውሃ በላው!»

ከዚያ የሌላ ሴት ድምፅ መጣ፤ «ወድቀዋል፣ ቶሎ ድረሱ» አለችና መስመሩ ተቋረጠ።

ሰይድ ዞር ብሎ መንገድ ሊጀምር ሲል ዱበርቲዋ በከዘራቸው ደረቱን ይዘው ከለከሉት። «ብቻህን ብትገባ ይማምን ቀብረህ እንደመጣህ ነው እናትህ የምትቆጥረው። እሱም ብቻውን ቢገባ አንተን። ሁለታችሁንም በአንድ ዓይን ካላየች አታምንም። ሂዱ አብራችሁ!»

ለእኔ በቅሎ ተፈለገልኝ። ከፊቴ ሁለቱ ወንድማማቾች ቁልቁለቱን ይወርዱታል፤ አይነጋገሩም፤ ግን አንዱ ሲፈጥን ሌላው ይፈጥናል። መኪና መንገድ ስንደርስ የተገኘው አንድ ባጃጅ ነው። እኔ ከሹፌሩ ጎን ተሸጎጥኩ፤ ከኋላ አስራት ውሃ ሸሽ መሬት ሆኖ በመሃላቸው ተቀመጠ። የሚያስቅ ነገር በአፌ ሞልቶ ነበር፤ ዋጥኩት። እማማ ይቆዩን አይቆዩን አናውቅም።

ፀሐይ ስትጠልቅ ደረስን። ግቢው ጢም ብሏል፤ ሴቶቹ ደረት ይመታሉ። ሁለቱ ጎን ለጎን በበሩ ሲገቡ ግቢው ባንዴ ረጭ አለ። እማማ መሬት ላይ ተቀምጠው፣ ሁለት ሴቶች ደግፈዋቸው ነበር። ቀና ብለው አዩ። አልጮኹም። እጃቸውን ዘርግተው የሰይድን ፊት ዳበሱ፤ ከዚያ የይማምን፣ አፍንጫውን፣ ጆሮውን፣ እንደ ዓይነ ስውር። ቀጥሎ ዓይናቸው ወደ ታች ወረደ።

ሁለቱም ባዶ እግራቸውን ናቸው። የይማም ግራ እግር ተሰንጥቆ ደም ቋጥሯል። ቀኑን ሙሉ ስለ እግሬ ሳለቅስ ውዬ የሌላ ሰው እግር አላየሁም ነበር።

«ጫማህስ?» አሉት።

«እንጃ እማ። ስሮጥ ጭቃው አስቀረው።»

«ለማን ነው የሮጥከው?»

ይማም በአገጩ ወደ ወንድሙ አመለከተ።

«አንተስ ሰይድ?»

«ሶላት ላይ ነበርኩ እማ። ለቅሶውን ስሰማ… አቋረጥኩት።»

ከሴቶቹ አንዷ «ያ ረቢ!» ስትል ሰማሁ። አስራት ኋላ እንደነገረኝ፣ ሰይድ አንድ ጊዜ ሲሰግድ ጎተራው በእሳት ተያይዞ፣ ሶላቱን አሰላምቶ እስኪጨርስ ያልተነሳ ሰው ነው።

እማማ ከዚያ ማንቆርቆሪያውን አስመጡና ለሰይድ ሰጡት። «እጠበው።»

ሰይድ ተንበረከከ። ውሃውን ሲያፈስበት ይማም እግሩን ሰበሰበ። «ቀዘቀዘኝ!»

«ቻለው» አለ ሰይድ ቀና ሳይል፤ «ሬሳን አይበርደውም።»

የመጀመሪያዋ ሳቅ ከማን እንደመጣች አላውቅም። ከእማማ ይመስለኛል። ወዲያው ግቢው ሁሉ፣ ለቅሶ የመጣው ሁሉ፣ እንባውን ሳይጠርግ ተንከተከተ። እኔ የዕድሜዬን ሙሉ ቀልድ አቅርቤ እንዲህ የተሳቀልኝ ቀን የለም፤ በአንድ ገበሬ ተበለጥኩ። አስራትም ሳቀ፤ ጥርሱ ሙሉ ነው።

አዛን ተሰማ። ሰይድ «ያቋረጥኩትም አለብኝ» እያለ ለሶላቱ ታጥቦ ውዱእ አደረገና ምንጣፉን ዘረጋ። ይማም እያነከሰ ሄዶ ከጎኑ ቆመ፤ ግን ሌላ ሰው ሊያስገባ የሚችል ቦታ በመሃላቸው ትቶ።

«ተጠጋጉ!» አሉ እማማ ከኋላ። «ለሰይጣን መንገድ ትተዋላችሁ እንዴ?»

ይማም ፈቀቅ አለ። ሰይድም ፈቀቅ አለ። ትከሻና ትከሻቸው ሲገናኝ፣ ሰይድ ሶላቱን ሊጀምር ሁለት እጁን ወደ ጆሮው አነሳ።